ናፍጣ የሚሸተው ሲንቄ

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻለኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ልጅ ሳይጣድ ይገነፍላል» ትል ነበር። አሰላ ውስጥ የራሱን መኪና ራሱ የሚነዳ ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ቁጣ ላይ ኩራት ሲጨመር ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

መኪናዬ ጣሊያን ጥሎ ከሄደው የተረፈች ግራጫ ካሚዮን ነበረች። እሷን ለመግዛት ከአባቴ የደረሰኝን ቁራሽ መሬት ሸጥኩ፤ አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ባለቤቴ እናቷ በሠርጓ ቀን ያጠለቀችላትን የማርትሬዛ ብር ከአንገቷ አወረደች፤ አንድ በአንድ ከክሩ እያወጣች መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«መኪናህ መንገድ ላይ እስካለች ድረስ አንገቴ ባዶ አይደለም» አለችኝ። «የቆመች ዕለት ግን እንጃልህ!»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም ስነሳም አንድ ነገር እፈራ ጀመር፤ መኪናዋ ጎማ አጥታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ግቢያችን ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ስትሆን ይታየኝ ነበር። ባለቤቴ በባዶ አንገቷ ያቺን መኪና በየቀኑ እያየች ልትኖር ነው። ይህን ማሰብ አልችልም ነበር።

ባለቤቴ የአርሲ ልጅ ናት፤ አገሯ ከዲክሲስ በላይ ነው። እኔ ደግሞ የሰፋሪ የልጅ ልጅ ነኝ። ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው እናገረዋለሁ፤ ስንጣላ እንኳ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ ነበር የምንጨርሰው። ቋንቋ ማወቅ ሌላ፣ ወግ ማወቅ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

የመኪናዋ የናፍጣ መለኪያ ከጣሊያን ጋር አብሮ የሞተ ነው። የናፍጣ ጋኗ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ በትር ነክሮ ማየት ነበር። ገና በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ የምለካበት እንጨት ጠፋብኝ። ቸኩያለሁ። ቤት ገባሁና ከአልጋው ራስጌ የቆመውን ቀጭን ለስላሳ በትር ብድግ አድርጌ ወጣሁ፤ ጋኑ ውስጥ ዘፈቅሁት። አቤት ልክ ሲያሳይ! ናፍጣው እስከ ግማሽ ነበር። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ለካ ያ በትር ሲንቄዋ ነው። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር ከሁሉ አስቀድማ የምትሰጣት እሱን ነው። የሴቲቱ ክብር ማለት ነው። ባሏ ከበደላት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቷን የሰማች ሴት ሁሉ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትደርሳለች። ወንዶች ሲጋደሉ ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሀል ከገቡ፣ ጦር የወረወረ እንኳ ሁለተኛውን አይወረውርም። እኔ ደግሞ ናፍጣ ለካሁበት! እኔን ነው ጉድ ማለት።

ባለቤቴ ናፍጣ የሚንጠባጠበውን በትር ከእጄ ወሰደች፤ ደጅ ወጣችና አንድ ጊዜ ጮኸች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግቢያችን በሴት ተሞላ። በትራቸውን ይዘው መኪናዋን ከበው ተቀመጡ፤ ሁለት ቀን ከግቢ አልወጣሁም። በመጨረሻ ሽማግሌ ልኬ፣ ሣር ነጭቼ ይዤ፣ ጉልበቴን አጥፌ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አንዲት ጊደርም ካስኩ። ሲንቄው በውኃ ታጠበ፣ በቅቤ ታሸ፣ ፀሐይ ላይ ዋለ። ሽታው ግን አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ በተኛሁ ቁጥር ከራስጌዬ ናፍጣ ናፍጣ ይለኝ ነበር። ባለቤቴም «ጥሩ ነው፣ ይሽተትህ» ትለኛለች።

እንግዲህ የመኪናዋ ጎማ ወዳመጣብኝ ጣጣ ልምጣ።

መኪና ያለው ሰው ጭነት የሚሰጠው ከሌለ መኪና የለውም። እኔ ጭነት የማገኘው ከሐጂ ነበር። ሐጂ አሰላ ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው የእህል ነጋዴ ናቸው። አራት ዓመት ያህል አብረን ስንሠራ ውል የለ፣ ፊርማ የለ። «ጫን» ካሉ እጭናለሁ፣ «ቆይ» ካሉ እቆያለሁ። ስንዴው ላይ ሰው ባሳፍር አይቆጡም፤ እንዲያውም ስነሳ «ዛሬ ጋቢናው የማን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ካለ ያ ወንበር የእሱ እንዲሆን ነው። ጥፋታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ አይናገሩም። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ሲጨቀይና የገበሬው ጎተራ ሲጎድል፣ እኔ ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ዐይን ዐይናቸውን ሳይ እሳቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ «አላህ ያውቃል» ይሉኛል። አላህማ ያውቃል! የማላውቀው እኔ ነኝ እንጂ።

በአንድ ክረምት መውጫ የኋላ ጎማዎቼ አለቁ። ጎሚስታው ከመኪናው ሥር ብቅ አለና «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ የምለጥፈው ጎማህን አይደለም፣ ልጣፌን ነው» አለኝ። አዲስ ጎማ ደግሞ በአሰላ እንደ ዝሆን ጥርስ ነው፤ አይገኝም፣ ቢገኝም የእኔ አቅም አይነካውም። ለሐጂ ነገርኳቸው። ጎማዎቹን ዞረው አዩ፣ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና «እናያለን» አሉ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ስጠይቅ «እናያለን»። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ትፈላ ጀመር።

በዚህ መሀል ናዝሬት ያለ አንድ የጭነት ኩባንያ ባለ አንድ መኪና ሰዎችን እየፈለገ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ሄድኩ። ግቢውን ሳይ አፌን ከፈትኩ። መኪናው ሁሉ በአንድ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ተሰልፏል፤ መኪና የሚጠገንበት ኦፊቺናው እዚያው ነው፤ ጥግ ላይ አዲስ ጎማ እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። ከእነሱ ጋር የገባ ሰው ጎማ ያገኛል፣ ክረምት ከበጋ ጭነት አያጣም። በምላሹ መኪናው የእነሱን ቀለም ይቀባል፤ ሌላ ጭነት አይነካም፣ ሰው አያሳፍርም፣ ቁም ካልተባለበት ቦታ አይቆምም። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሙከራ ጉዞ አለ። ተቆጣጣሪያቸው ጋቢናዬ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዲክሲስ ስንዴ ጭነን ከቀኑ በአስር ሰዓት ናዝሬት ግቢያቸው መግባት አለብን። ደቂቃ ያሳለፈ አይቀጠርም።

ለባለቤቴ እየፈነደቅሁ ነገርኳት። እሷ ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ለሐጂ ነገርካቸው?»

«ምን ብዬ?»

«እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልኛል ብለህ ነዋ! ሰው ከሰው ቤት ሲወጣ ደህና ሁኑ ይላል።»

ልክ ነበረች። በማግሥቱ ደህና ሁኑ ልል ሄድኩ። ሐጂ እንደ ወትሯቸው ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከወትሮው ግን ከፍ ብለዋል፣ አጎዛ የተነጠፈበት አንድ ነገር ላይ ነው የተቀመጡት። ምን እንደሆነ ልብ አላልኩም። ልብ እንዳልል ያደረገኝ አነጋገራቸው ነው። ገና ሲያዩኝ ፈገግ ብለው «እህ፣ የጎማው ጉዳይ…» ሲሉ ጆሮዬ «እናያለን» የምትለዋን ቃል ቀድሞ ሰማት። ገነፈልኩ።

«እናያለን ያሉትን አይቼዋለሁ ሐጂ! ከእንግዲህ ስንዴዎን በአህያ ያስጭኑ!»

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሐጂ ግማሽ ብድግ ብለው ነበር፤ መልሰው ቁጭ አሉ።

«ይሁን» አሉ ቀስ ብለው።

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ከብዶኝ ነበር፤ ግን ኩራቴ ቀደመኝና በዚያው ቀን ቢጫ ቀለም ገዛሁ። የሙከራው ጉዞ ሳይደርስ፣ ማንም ሳይቀጥረኝ፣ ግራጫዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ቢጫ ቀባኋት። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ አየችና «ሳትታጭ ኩል?» አለች።

የሙከራው ቀን ሲደርስ ከዲክሲስ የተነሳነው ጠዋት ነው። ተቆጣጣሪው ካኪ የለበሰ የአዲስ አበባ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከሰዓቱ ሌላ ነገር አያይም። ኮረብታ ስወጣ ሰዓቱን ያያል፣ ስወርድም ሰዓቱን ያያል። የተለጠፉት ጎማዎቼ በእመቤቴ ምህረት ይዘውልኛል። እኩለ ቀን ሳይሆን ኢተያ ደርሰን ወደ ዴራ እንወርዳለን፣ ከዚያ በኋላማ ሜዳ ነው ብዬ በልቤ እየዘፈንኩ ነበር።

ኢተያ ሳንደርስ፣ መንገዱ አንድ የግጦሽ ሜዳ መሀል በሚያልፍበት ቦታ፣ ሴቶች ቆመዋል። ሠላሳ ይሆናሉ። መንገዱን አቋርጠው ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው በትር ይዘው ይዘምራሉ። በቀኛቸው ጦርና ቆመጥ የያዙ ወንዶች፣ በግራቸውም እንደዚያው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በግጦሹ የተነሳ ሁለት ጎሳ ሊጋደል ነው፤ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መሀል ገብተዋል። አቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«አይታለፍም።»

«ሴቶች እኮ ናቸው! ክላክስ አድርግ፣ ይበተናሉ።»

«ወንድሜ፣ ይህ የያዙት እንጨት አይደለም። አስታርቀው እስኪጨርሱ መጠበቅ ነው።»

ሰዓቱን አየ። ከዚያ እጁን በፊቴ ሰደደና ክላክሱን ራሱ ተጫነው። የኔ መኪና ክላክስ ደግሞ የሞተ በሬ ይቀሰቅሳል! ዝማሬው ቀጥ አለ። ወንዱም ሴቱም ዞሮ አየን። አንዲት ጠይም አሮጊት ከሰልፉ ወጥተው፣ ሳይቸኩሉ መጥተው፣ ሲንቄያቸውን መኪናዬ አፍንጫ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

ሞተሩ እየሠራ ነው። እግሬ ፍሬን ላይ ነው። በአእምሮዬ ያ የጎማ ክምር መጣ፣ የባለቤቴ ባዶ አንገት መጣ። ትንሽ ወደ ጎን ብጠመዝዝ በሣሩ ላይ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ እጄ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ከዚያ የአሮጊቷን በትር ሳይ ናፍጣ ሸተተኝ። ሽታው ከመኪናዬ ይምጣ ከሌላ ቦታ አላውቅም፤ እኔ ግን የአልጋዬ ራስጌ ነው የሸተተኝ። ቁልፉን አዞርኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ወርጄ ሣር ነጨሁ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ «አዴ፣ እናታችን፣ አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን» አልኩ በኦሮምኛ። ተቆጣጣሪው ከጋቢናው አልወረደም። አሮጊቷ ሣሩን ተቀበሉኝ፤ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ የጀመርነውን እንጨርስ» አሉ። ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ክርክር ተነሳ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሳ። ፀሐይዋ ከአናታችን ወርዳ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው ወንዶቹ ጦራቸውን የዘቀዘቁት። ከዚያ ሴቶቹ መጥተው መኪናዬ ላይ እርጥብ ሣር በትነው መረቁኝ። አሮጊቷም እግራቸውን እያሹ እስከ ኢተያ አድርሰኝ አሉ። እንግዲህ ጋቢናው የማን ነው? ተቆጣጣሪውን አየሁት። እሱም አየኝ፣ ሠላሳዎቹንም ሴቶች አየ፤ ባርኔጣውን አጠበቀና ስንዴው ላይ ወጣ። ምስኪን፣ እስከ ናዝሬት አቧራ እየጠጣ ሄደ፤ አሮጊቷ ኢተያ ሲወርዱም ተመልሶ ጋቢና አልገባም።

ግቢያቸው ስንደርስ አስር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ በሩ ሊዘጋ ነበር። አለቃው ወጥቶ «ምን አጋጠማችሁ?» ሲል፣ ተቆጣጣሪው ከላይ ሆኖ ዐይኑን እየጠረገ «ዱላ አስቆመን» አለ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ስንዴውን አራግፌ ወጣሁ። በአዲሱ ጎማ ክምር አጠገብ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ።

በማግሥቱ አሰላ ስገባ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንዱ ጎማ ዴራ ላይ ሲተነፍስ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳስለጠፍኩትም አልደበቅኋትም።

«ሲንቄውን ሲያስደግፉብህ ሞተሩን አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

«በራስህ እጅ?»

«በራሴ እጅ። ግን ጎማ የለንም። መኪናዋ መቆሟ ነው። የአንገትሽ ብር…»

«ተወኝ ከብሩ!» አለች፤ እንባዋ ግን ወረደ። «ብታልፋቸው ኖሮ ይህን በር አልከፍትልህም ነበር።» እጄን ይዛ አስገባችኝ። ምሳ በልተን ስንጨርስ «ተነስ፣ ሐጂ ዘንድ እንሂድ» አለች።

«እኔ? በምን ፊቴ?»

«ፊትህን ማን ይፈልገዋል?» አለችና ከአልጋው ራስጌ ሲንቄዋን አነሳች።

እሷ በፊት፣ እኔ በቢጫዋ መኪና ከኋላ፣ በእግረኛ ፍጥነት በገበያው መሀል ሄድን። ሐጂ ያው ቦታቸው፣ ያው አጎዛ ላይ ናቸው። በሩ ላይ ደግሞ፣ በሰማይ አምላክ፣ ስምንት አህያ ስንዴ ተጭኖ ቆሟል! እንዳልኳቸው በአህያ ማስጫን ጀምረዋል። ከመኪናው ወረድኩና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሳቸው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ይቺን ግራጫ የወፍ በሽታ መታት እንዴ?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም። በእኔና በእሳቸው መሀል ገብታ ሲንቄዋን መሬት ተክላ ቆመች፤ «ሐጂ፣ ይህ ሰው አጥፍቷል። አባት ነዎትና ይቅር ይበሉት» አለች።

ሲንቄ የያዘች ሴት ፊቱ ቆማ ተቀምጦ የሚቀር የአርሲ ሰው የለም። ሐጂ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። ሲነሱ አጎዛው ተንሸራቶ ወደቀ። ከሥሩ ሁለት አዲስ የካሚዮን ጎማ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ተቀምጧል።

«ሐጂ… ይሄ መቼ መጣ?»

«አንተ ስለ አህያ ያስተማርከኝ ቀን ጠዋት» አሉ። «ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ነው ያን ያህል የቆየው። ልነግርህ አፌን ስከፍት ቀደምከኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ለሌላ ሰው አልሸጡትም?»

«ቁጣህን አውቀዋለሁ፣ ይበርድልሃል። ጎማ ደግሞ እንደ እህል አይነቅዝም። ተቀምጬበት ጠበቅሁህ።»

ገበያ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ይዘው አነሱኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሲንቄ ጠጋ ብለው አሸተቱና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሲንቄ ናፍጣ ናፍጣ የሚለው ለምንድን ነው?»

«እሱን እሱ ራሱ ይንገርዎ» አለች ባለቤቴ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች።

«እሺ፣ ጎማውን እየቀየርን ትነግረኛለህ» አሉኝ። ልሸከመው ጎንበስ ብዬ ያዝኩት። የላይኛው ጎማ ከመቀመጣቸው የተነሳ ገና ይሞቅ ነበር።